ጉም የፈታው

ሉጫ አይሉት ሉጫ፣ ከርዳዳ አይሉት ከርዳዳ፣
ፀጉሬ መሐል ሰፋሪ ነው፣ ለሁለቱም ጎራ ባዳ።
ከሥሩ ቀና ብሎ ይጀምርና
ጆሮዬ ዘንድ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ይታጠፋል እንደገና፤
እንደ ሐረጎ መንገድ፣ ኮምቦልቻን እያየ እማይወርድ በቀጥታ፣
ዞሮ፣ ተመልሶ፣ ደሞ ሌላ እጥፋት የሚፈታ።

ተማሪ ሳለሁ ውሃ እየቀባሁ አስተኛው ነበር፤
ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳይደርስ ተነስቶ ይቆማል፣ ከነክብር።
ደሞዝ የያዝኩ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፒያሳ ጦይባ ጋ፣
በፒያስትራ አስተኛሁት፣ በስንት ብር ዋጋ።
ጭሱ መስታወቱን ሲያለብስ፣ የተቃጠለ ላባ ሲሸት፣
ጦይባ ትስቃለች፦ «ይሄስ ፀጉር አይደለም፣ የባላገር ሙግት!»

ያን ቀን ሰርግ ነበረ፣ የሲቲና፣ በሰኞ ገበያ በኩል።
ፀጉሬ እንደተተኮሰ ቀሚስ ጀርባዬ ላይ ተዘርግቷል፣ እኩል።
ከጦሳ ጉም ወረደ፣
እኔንም ጦይባንም አላስፈቀደ፤
ባጃጁ ውስጥ ገባና እየዳበሰ፣
የሦስት ሰዓት እሳት በደቂቃ አፈረሰ።
ድንኳኑ በር ስደርስ ሐረጎ ተመልሷል።
የሙሽራዋ አክስት አየችኝና፦
«ውይ! ዝናብ መታሽ እንዴ?»
ዝናብ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አባቴ፣ የሱቁን ታፔላ ሊሰቅል ወጥቶ፣
ከመሰላል ወደቀ፤ ቀኝ እጁ ጀሶ ገባ፣ መቀሱ ተረስቶ።
ልብስ ሰፊ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዋለ፤
ፀጉር አስተካካይ ጋም አልሄደ፣ «እጄ ሲድን» እያለ።

ውሃ በፈረቃ ነው። የኛ ተራ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ጀሪካኖቹ ሲሞሉ ቀሰቀስኩት፦
«አብዬ፣ ተነስ፣ ራስህን ልጠብህ፣ ሳይሄድብን ድንገት።»
ኮፍያውን አነሳሁ።
ለብ ያለውን ሳፈስበት ሽበቱ ከጣቶቼ ሥር ተነሳ፣
ታጠፈ፣ ተመለሰ፣ ደሞ ታጠፈ፤
የገዛ ፀጉሬን ነካሁ፣ በሌላ ሰው ራስ ላይ፣ አርጅቶ፣ ትንሽም ሳሳ።

«ከማን ነው ይሄ?» አልኩት።
አረፋው እንዳይገባው ዓይኑን ጨፍኗል።
«ይሄ? ከቃሉ ነው እንጂ። የእናቴ ወገን።
ወንዱም ሴቱም እንዲህ ነው፤ ለቅሶ ቤት ከሩቅ እንተዋወቃለን።»
ቆየና ደግሞ፦
«አንቺስ ምን በድሎሽ ነው የምታቃጥዪው?»
ፎጣ አቀበልኩት። ሌላ የማቀብለው አልነበረኝም።

አሁን ተልባ አፈላለሁ፤
የእንቁላል ነጭ ሲመስል፣ በአሮጌ ሻሽ አጠልላለሁ።
ፀጉሬ ውሃ እንደጠጣ እንጂ፣ ደርቆ ሚዶ አይነካውም፤
ከጫፍ ነው የምጀምረው፣ ቋጠሮ በጉልበት አይፈታም።
ፎጣ ያሻክራል፤ የወንድሜ ካናቴራ አለ፣ ቁጥሩ የጠፋ፣
በሱ ወደ ላይ እጨብጠዋለሁ፣ ሳላሽ፣ ሳልገፋ።
ከዚያ እተወዋለሁ።
ይሄ ነው የከበደኝ፣
እጄን ሰብስቤ፣ እስኪደርቅ፣ መተው።

ጦይባ መንገድ ላይ ይዛኝ ገባች። መቀስ አነሳች።
አራት ጣት ያህል ቆረጠች፣ ያቃጠለችውን፣ አንድም ቀልድ ሳትናገር፤
ሒሳብ ስላት ወለሉን መጥረግ ጀመረች።

የአባቴ ጀሶ ከተፈታ ሰነበተ፤ እጁ ክር ከመርፌ ያገናኛል።
ተልባዬን ባየ ቁጥር ያጉረመርማል፦
«ይሄን ንፍጥ! ለጨጓራ ነው እንጂ ለራስ?»
ማክሰኞ ሌሊት ግን ቧንቧው ሲያስነጥስ፣
ቀድሞኝ ነቅቶ አገኘዋለሁ፣
በርጩማው ላይ፣
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።